ክረምት የማያስቀረው መኪና

ሻጩ ቁልፉን ይዞ ግቢው ውስጥ ወደ ቆመው ነጭ ሃይሉክስ በር ሲራመድ መካኒኩ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «ቆይ ወንድሜ፣ አታስነሳው። መጀመሪያ ልንካው።» ኮፈኑን ከፈተና መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ሆኗል፤ የጎጃሟ የአማኑኤል ከተማ ብርድ ገና አልለቀቀም። ነጩ ሃይሉክስ ሌሊቱን ሳይነሳ ማደሩን አረጋግጦ ወደ ገዢዋ ዞረ። «የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፣ ልጄ። ጠዋት የሚያስቸግረውም፣ የሚያጨሰውም፣ ሲሞቅ ደህና ይመስላል።»

ገዢዋ የድንች ነጋዴ ናት። ከማቻከል ወረዳ ቀበሌዎች፣ በተለይም ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ከፍ እያሉ ከሚሄዱት፣ ከገበሬው እየገዛች በአይሱዙ አስጭና ትልካለች። ዕቁብ ወጥቶላታል፤ መምህር የሆነው ታናሽ ወንድሟም ያጠራቀመውን ጨምሮላታል። ሁለቱ አንድ ላይ የያዙት ገንዘብ ለእነሱ የዓመታት ልፋት ነው፤ ለመኪና ገበያ ግን ትንሽ ነው። ለዚህም ነው መካኒኩን ከደብረ ማርቆስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያስመጡት። መካኒኩን «ጋሼ» ይሉታል፤ በየመሀሉ የሚጠይቁት ግን ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይሆነናል?»

እንደነሱ ያለ ገዢ አሮጌ መኪና ላይ የሚያተኩረው ወዶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር የሚጨምር፣ እጅግ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የመለዋወጫውም የመኪናውም ዋጋ ተያይዞ ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው እየገዛው ነው፤ ለጮቄ ሥር ኮረኮንች ግን ገና አይታሰብም። ስለዚህ ገበያው ላይ የሚዞረው ቀድሞ የገባው መኪና ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዕድሜው ይጨምራል፣ ዋጋውም አብሮ ይጨምራል። መኪና እዚህ አገር እንደ ቤትና እንደ መሬት ገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል። ቶዮታ የሚለው ስም ብቻውን ብዙ ብር የሚያወጣው ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ያለውን ሁሉ ለስሙ ከፍሎ ለጥገናው ባዶ እጁን ይቀራል።

ከሁሉ በፊት መንገዱን መጠየቅ ይገባል። አማኑኤል ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት ዳር ያለች ከተማ ናት። ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ፎር ዊል አያስፈልግም፤ ጎማው ደህና የሆነ ማንኛውም መኪና ያደርሰዋል። ችግሩ ከአስፋልቱ ሲወጡ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌ የጠጠር መንገድ አግኝቷል፤ ሆኖም ጠጠሩ በጎርፍ ሲታጠብና ጥገናው ሲዘገይ ዳገቱ ላይ የሚቀረው ቦይና ድንጋይ ነው። ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም ቀዩ አፈር ይንሸራተታል፤ ረባዳው ላይ ያለው ዋልካ ደግሞ ጎማውን ጠፍጥፎ ይሸፍነውና ጥርሱን ያጠፋበታል። ነጋዴዋ መኪና የምትፈልገው በእነዚህ ወራት ነው። በበጋማ ባጃጅም ሞተር ሳይክልም ይደርሳል።

መካኒኩ ሥራውን ቀጥሏል። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገልብጦ አየው። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ የተለመደ ነው። የሚያስፈራው ክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ሲገኝ ነው፤ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፣ ቴስታታው ወይም ጉርኒሲዮኑ ሄዷል ማለት ነው። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ላይ የዘይት ቅባት መኖር አለመኖሩን ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ብቻ «አሁን አስነሳው» አለ።

ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ትንሽ ጥቁር ጭስ ወጣና ጠፋ። መካኒኩ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እየተነሳ እንደሆነ አጎንብሶ ሲያይ፣ ወንድምየው ስለ ጭሱ ጠየቀው። ጥቁሩ ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚመጣ ነው፤ የአየር ማጣሪያ ሊሆን ይችላል፣ ፖምፓም ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ሰማያዊው ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል፤ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ሞተር ማውረድ ነው። ነጩ ከንጋት ብርድ ጋር የሚመጣ ከሆነ ይጠፋል፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን ውሃ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን እንደገና ከፈተና እጁን አስጠጋ። ከውስጥ በኃይል የሚገፋ ትንፋሽ ካለ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል። እዚህኛው ላይ ትንፋሹ ለስላሳ ነው። ሻጩ ፈገግ አለ።

ሞተሩ ሦስት ኤል የሚባለው ነው፤ 2.8 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ፖምፓው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ። ከሱ በፊት የነበረው ሁለት ኤል 2.4 ሊትር፣ ከሱ በኋላ የመጣው አምስት ኤል 3 ሊትር ነው። ሦስቱም ለሸክሙ ጉልበታቸው ትንሽ ነው፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የጎጃም ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው ሩቡን ጉልበት ትቶ ነው የሚነዳው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ቱርቦ ያለውን፣ አዲሱን የቶዮታ ሞተር፣ ዲ ፎር ዲን ልግዛ» ማለቱ አይቀርም። እኔ ለአማኑኤል ሰው አልመክርም። የዲ ፎር ዲ ኢንጀክተሮች በከፍተኛ ግፊት የሚረጩ፣ ቀዳዳቸው እጅግ የጠበበ ናቸው፤ ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ። ማደያ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ ሰው ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛው ናፍጣ ውሃና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል። የድሮው ፖምፓ ይህን ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ማጣሪያ ቀይሮ ይቀጥላል። የአዲሱ ግን አራቱም ኢንጀክተር ከተበላሸ ዕዳው የአንድ ዓመት ትርፍ ይበላል፤ የሚመረምረው መሣሪያ ያለውን ጋራዥ ፍለጋም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ መጎተት ሊመጣ ይችላል። በፕራዶና በሰርፍ ላይ ያለው ባለ 3 ሊትር ቱርቦ፣ ዋን ኬ ዜድ የሚባለው፣ ሌላ የታወቀ ድክመት አለው፤ ሞተሩ አንዴ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ላንድ ክሩዘርን ሰው ሁሉ ያነሳዋል፤ ልክም ነው። ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ከ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ይመረታል፣ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ጣጣ የለበትም፣ የማይፈታው መካኒክም የለም። ነገር ግን ዋጋው ከነዚህ ሰዎች አቅም በላይ ነው። በአቅም የሚገኘው ብዙ አገልግሎ ያለቀው ነው፤ ያለቀ ላንድ ክሩዘር ደግሞ የላንድ ክሩዘር መለዋወጫ ይጠይቃል። ነዳጁም አለ። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር 100 ብር ተሻግሯል፣ ናፍጣም ከሱ አልራቀም። በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 13 ሊትር የሚጠጣ መኪና ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሲመለስ ብቻ ከ7 ሊትር በላይ ያቃጥላል።

አሁን መካኒኩ መኪናው ሥር ገብቷል። እጁ ላይ የባትሪ መብራትና ትልቅ ካቻቪቴ አለ። የሻንሲውን ብረት ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይኮረኩማል፦ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ፤ የኋላው ባሌስትራ የሚንጠለጠልበት ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ታፈነ። እዚያ ቦታ ጭቃ ይሰበሰባል፣ አይታጠብም፣ ክረምት ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በካቻቪቴው ጫፍ ፋቅ ሲያደርገው ጥቁሩ ቀለም ቅርፊት ሆኖ ተነሳ፤ ሥሩ ዝገት፣ ከዝገቱም ሥር ሸካራ የብየዳ መስመር ታየ። ሻንሲው ተሰብሮ ተበይዷል፤ ላዩ ላይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ባሌስትራው ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቅጠል አለ። ተጨማሪ ባሌስትራ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት እንደኖረ ይናገራል፤ ያ ሸክም ባሌስትራው ላይ ብቻ አይቀርም፣ ሻንሲውንም ዲፈረንሻሉንም ፍሪሲዮኑንም ነክቷል።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ፎር ዊሉን ለመሞከር መካኒኩ የፊት ጎማዎቹን ሎክ አስገባ፣ ማንሻውን ፎር ዊሉን ወደሚያስገባው ኤች ፎር አደረገ፣ ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሳ። ፎር ዊሉ በትክክል የሚሠራ ከሆነ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬት ይዘው ስለሚቆሙ፣ የተነሳው ጎማ በእጅ ሲገፋ መዞር የለበትም። ጎማው ያለ ምንም ችግር ዞረ። ዳሽ ቦርዱ ላይ መብራቱ በርቷል፣ ማንሻውም ገብቷል፤ ከመሀል ወደ ፊት ኃይል የሚወስደው ዘንግ ግን የለም። ተፈትቶ ወጥቷል።

«ነዳጅ ይበላል ብለው የበፊቱ ባለቤት አስወጡት» አለ ሻጩ።

«ዘንጉስ የት አለ?» ጠየቀች ነጋዴዋ።

መልስ አልነበረም።

ይህ የተለየ ታሪክ አይደለም። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው የፊቱን ዘንግ ቢያወጣ ልዩነቱ አይታወቀውም፤ መኪናው ግን በስሙ ፎር ዊል እየተባለ ይሸጣል። በሌላው በኩል፣ አስፋልት ላይ ሎኩን ሳይፈታ ፎር ዊል አስገብቶ የሚነዳም አለ። በሃይሉክስ፣ በብዙ ላንድ ክሩዘርና በድሮው ቪታራ ላይ ፎር ዊሉ ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይቆለፋሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያካክሳል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ስለማይሆን ጭንቀቱ ሁሉ ማርሽና ዘንግ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጠፍጣፋና ደረቅ መሬት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፎ ቀስ ብሎ መንዳት ሌላው መሞከሪያ ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ እንደተያዘ ሆኖ ከተጎተተ ፎር ዊሉ አለ። እንደ ልቡ ከዞረ የለም።

ራቭ ፎርና ቴሪዮስ ላይ ነገሩ ይለያል። በአብዛኛው ሁልጊዜ አራቱም ጎማ ይነዳል፤ መሀል ላይ ዲፈረንሻል ስላለ አስፋልት ላይ አይጎዱም፤ ነገር ግን ኤል ፎር የሚባለው ከባዱ ማርሽ የላቸውም። ከ2000 እስከ 2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረተው ባለ 1.8 ሊትሩ ራቭ ፎር ደግሞ የፊት ጎማ ብቻ ነው የሚነዳው፤ ቁመናው ከፎር ዊሉ ጋር አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቅ ገዝቶታል። ሱዙኪ ቪታራ፣ የድሮው ባለ 1.6 ሊትር፣ አጭር ቢመስልም ራሱን የቻለ ሻንሲና ኤል ፎር አለው። ከባዱ ማርሽ ጥቅሙ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሳያቃጥሉ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ሳያሞቁ ሞተሩ እየያዘ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታው በሁለቱም በኩል ከ1,000 ሜትር በላይ ይለዋወጣል፤ ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኖ የሚወርድ አሽከርካሪ ታች ሲደርስ ፍሬን ላይኖረው ይችላል። ከአዲስ አበባ መኪና ገዝቶ የሚመጣ የጎጃም ሰው ይህን መንገድ እንደ ምርመራ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ግን ምርመራው ከመክፈሉ በፊት ቢሆን ይሻላል።

እናቶቻችን ጓዳ ያለውን ሳያዩ እንግዳ አይጠሩም፤ መኪና ገዢም እንዲሁ ነው። የሃይሉክሱ ጉድ ከታወቀ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆመው ነጋዴዋና ወንድሟ ገንዘባቸውን እንደገና ቆጠሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄያቸው ተቀይሮ ነበር። መካኒኩ ነው የቀየረው። «ድንቹን በዚህ ነው የምትጭኑት?» አላቸው። አይደለም፤ ድንቹ በአይሱዙ ነው የሚጫነው። መኪና የፈለጉት ክረምት ላይ ገበሬው ጋ ደርሰው ማሳውን ለማየት፣ የዘር ድንች ጥቂት ጆንያ ለማድረስ፣ ውል ለመያዝ ነው። «እንግዲያው የሚያደርስ እንጂ የሚጭን አይደለም የምትፈልጉት፣ ልጆቼ።»

እኔም ከዚያ ግቢ ይዤው የወጣሁት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። አቅሙ ትንሽ የሆነ ገዢ አንድ መኪና ሁለቱንም እንዲሠራለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደብል ጋቢና ፒካፕ ይመኛል። ፒካፕ ደግሞ ሁሉም ስለሚፈልገው ከሁሉም ውድ ነው፤ ርካሽ ሆኖ የተገኘው ፒካፕ እንደዚያ እንደ ነጩ ሃይሉክስ ሻንሲው የተበየደ ነው። የጭነት መኪና መከራየት ይቻላል፤ በዝናብ ቀን ማሳ ድረስ የሚያደርስ መኪና ግን የሚያከራይ የለም። ለማድረስ ብቻ ከተባለ ቪታራ በቂ ነው። ድክመቱ ቤንዚን መሆኑና ሸክም አለመቻሉ ነው። መለዋወጫው ግን መርካቶ ሶማሌ ተራ ሞልቶ ይገኛል፣ ደብረ ማርቆስ ላይም የሚሠራው ሰው አይጠፋም።

ሌላም ስሌት አለ፤ ይህን ደላላ አይነግርም። ከያዙት ገንዘብ ቢያንስ ሩቡ ከግዢው ውጭ መቀመጥ አለበት። ማንኛውም አሮጌ መኪና በተገዛ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ይጠይቃል። ሁሉም ዘይትና ማጣሪያ ወዲያው ይቀየራል፤ የካምቢዮውም፣ የሁለቱም ዲፈረንሻል ዘይት ጭምር። የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ ሻጩ «ተቀይሯል» ቢልም ይቀየራል፤ ከላይ በጠቀስኳቸው የድሮ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መለወጥ ያለበት ነው፤ ከተበጠሰ ሞተር ያበላሻል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን አይቻልም። የፔዳሎቹ ላስቲክ አልቆ፣ የመሪው ቆዳ ተልጦ ቆጣሪው 90,000 ካለ ውሸቱ ግልጽ ነው። ጎማ ላይ ደግሞ የተመረተበትን ቀን የሚናገር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ማለት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ ጭቃ ላይ አይይዝም። ጥሩ የጭቃ ጎማ ያደረገ የኋላ ጎማ ነጂ ፒካፕ፣ ላጣ ጎማ ካደረገ ፎር ዊል የተሻለ ሲሄድ ማየት የማቻከል ሰው የለመደው ነገር ነው።

ወረቀቱ የራሱ ጣጣ አለው፤ መካኒክ የማያየው በሽታ እዚያ ነው ያለው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አሃዝ በአሃዝ መመሳሰል አለበት፤ ቁጥሩ ዙሪያ የመፋቅ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል። በኢንቨስትመንት ወይም በእርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለግለሰብ አይዛወርም፤ ርካሽ የመሰለ ፒካፕ ሲገኝ መጀመሪያ ይህን መጠየቅ ነው። ፋይሉ ባለበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ገዢው ራሱ ሄዶ ማረጋገጥ አለበት፤ ባንክ በብድር የያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በውክልና መግዛት ነው። ስም ለማዛወር ያለውን ወጪና ምልልስ ለመሸሽ ሻጭ ለገዢ ውክልና ይሰጠዋል፤ ገዢው በሻጩ ስም መኪናውን ይነዳል፣ ሲፈልግም በዚያው ውክልና ለሌላ ይሸጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ያኔ መኪናው የወራሾች ንብረት ሆኖ ይገኛል፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ክርክር ውስጥ ይገባል። በግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋጋባቸው ባለፉት ዓመታት ሰው እንደ ልቡ ተንቀሳቅሶ ጉዳይ መጨረስ ሲያቅተው በውክልና የሚደረገው ግዢ ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ ድሃን ግን እንደዚህ የሚያጋልጥ ነገር ጥቂት ነው።

ነጋዴዋ ነጩን ሃይሉክስ ትታ ፍኖተ ሰላም ያለች ቪታራ አየች። መካኒኩ አብሯት ሄደ። የፊት ዘንጓ አለ፣ ኤል ፎርም ይገባል፣ ሻንሲዋ አልተበየደም፤ ፍሪሲዮኗ ግን አልቋል፣ አራቱም ጎማ አርጅቷል። የፍሪሲዮኑና የጎማው ዋጋ ተሰልቶ ከዋጋው ላይ እንዲነሳ ተደራደሩ፤ የቪታራዋ ሻጭ የፍሪሲዮኑን ተቀበለ፣ የጎማውን እምቢ አለ። ውልና ማስረጃ ፊት ሻጩ ከነባለቤቱ ፈረመ፤ ክፍያው በባንክ በኩል ሆነ፣ የመጨረሻው ክፍልም ሊብሬው በነጋዴዋ ስም ሲወጣ ብቻ ተለቀቀ። ጎማውን ካስቀመጡት ሩብ ገንዘብ ላይ ገዙት።